ግልባጩ ሯጭ

በ2085 ዓ.ም.፣ ጥቅምት 26 ቀን፣ ረቡዕ ማለዳ፣ አጎንብሼ ማሰሪያዬን ሳጠብቅ የግራ ጫማዬ እንዲህ አለኝ፦

«አቶ ያፌት፣ እንደምን አደሩ። እርምጃዎ ከአቶ ናኦድ እርምጃ ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ የላችሁም። የሌለው የትኛው እንደሆነ ለማጣራት ዛሬውኑ ጽሕፈት ቤታችን ይቅረቡ። መልካም ሩጫ!»

ጨዋ ጫማ ነው። መርዶ ሲያረዳ እንኳ «መልካም ሩጫ» ሳይል አያበቃም።

እኔ መነፅር ሻጭ ነኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሮጣለሁ ስል ሰው እንዳይሳሳት፤ በሩጫ የቀደምኩት ሰው ቢኖር በ2074ቱ ውድድር ሱፍ ለብሶ ከነሚዜዎቹ የገባ አንድ ሙሽራ ነው፤ እሱንም ሚዜዎቹ ለፎቶ ስላስቆሙት ነው። ሩጫ እወዳለሁ፤ ሩጫ እኔን ይውደደኝ አይውደደኝ ጠይቄው አላውቅም። ጫማ ግን ከሩጫም አብልጬ እወዳለሁ። ሰው ሁሉ ሳሎኑ ቡፌ ውስጥ ብርጭቆ ሲደረድር እኔ ጡረታ የወጡ ስድስት ጥንድ የመሮጫ ጫማዎች ደርድሬያለሁ። ባለቤቴ ማራናታ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ብርጭቆዎቹ አልጋ ሥር ናቸው» እያለች ትስቃለች። መጀመሪያ መጀመሪያ አትስቅም ነበር።

ጫማ መግዛት ቀርቷል። ጫማ ይመደብልሃል፤ ስምህን ያውቃል፤ የረገጥከውን ሁሉ ለእርምጃ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ያስታውቃል። የምኖርበት ሕንፃ ሊፍት የትናንት እርምጃህን ሳያይ አይከፍትም። በዚህም የተነሳ እንደኔ ያለው ጤነኛ አሥራ አራተኛ ፎቅ በሊፍት ይወጣል፤ ጉልበቱን የሚያመው ጎረቤቴ በደረጃ። አሠራሩ ሰውን ለማበረታታት ነው ተብሏል። ጎረቤቴ እስካሁን አልተበረታታም።

ሕዝባችን ደግሞ ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ማምለጫውን ያጸድቃል። ጫማውን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከቶ የሚያሽከረክር አለ። «ጫማ አስሯጭ» የሚባል የሥራ መስክም ተከፍቷል፤ አንድ ጎረምሳ የስምንት ደንበኞች ጫማ ባቱና ወገቡ ላይ አስሮ ቀለበት መንገዱን ሲዞር ይውላል። ጽሕፈት ቤቱ ይኼን ነቃበት። ሁለት ጥንድ ጫማ እኩል ከተነሳና እኩል ካረፈ፣ ከሁለቱ ባንደኛው ውስጥ ሰው የለም ብሎ ደመደመ። እኔንና ጋሽ ናኦድን የያዘን ወጥመድ ይኸው ነው።

ጋሽ ናኦድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሹፌር ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ የካ ጫካ ውስጥ አብረን ሮጠናል። አብሮ መሮጥ ስል ጎን ለጎን ሆኖ ወሬ መጠረቅ አይደለም። እንደ ድሮዎቹ ሯጮች ነው፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ዓይኑን ከመሪው ተረከዝ ሳይነቅል ግራውን በግራው፣ ቀኙን በቀኙ ይከተላል። በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዝን፣ አንዲት ቃል ሳንነጋገር። መሪው የድካምህን ግማሽ ይሸከምልሃል ይላሉ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይሸከማል። ጋሽ ናኦድ ለብቻው የሚሮጥ ሰው ሲያይ ለብቻው የሚበላ ሰው ያየ ያህል ያፍርለታል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይልና ሰውየውን ጠርቶ ከኋላችን ያሰልፈዋል። ሰውየው ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ጫካ ይቀይራል።

ጽሕፈት ቤቱ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሁለታችንንም አየት አደረገና ዝም አለ። መኖሩ ያልተረጋገጠ ሰው በደረጃ ነው የሚወጣው።

ግድግዳው ላይ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሎ በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። ከሥሩ አንድ የተንገበገበ ተገልጋይ በእስክሪብቶ «ይመዝገብ» የሚል ጨምሮበታል።

ጉዳያችንን የያዘችው ወይዘሪት ውድነሽ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም። ዘንድሮ ወላጆች የጥንት ስም ፋሽን አድርገውታል፤ ወጣቱ ሁሉ ውድነሽ፣ ጎንጤ፣ ባንቺአየሁ ሆኗል። ናኦድና ያፌት የምንባለው ሽማግሌዎቹ ነን።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ እንደሚያዩት» አለች ሰሌዳውን ወደ ጋሽ ናኦድ እያዞረች፣ «የእርስዎና የአቶ ያፌት እግር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አብሮ ነው የተነሳው፤ አብሮ ነው ያረፈው።»

«ልክ ነሽ የኔ ልጅ። አብረን ስለምንሮጥ ነው።»

«አብሮ መሮጥማ ሰው አብሮ ይሮጣል። እንደዚህ ግን አይሆንም። እንዲህ የሚሆነው አንድ ሰው ሁለት ጫማ ይዞ ሲሮጥ ብቻ ነው።»

«እኛ እኮ ይኸው ሁለት ሆነን ፊትሽ ቆመናል!» አልኳት።

ቀና ብላ አየችን። ከአንዳችን ወደ ሌላችን፣ ሁለቴ። «እኔ በግሌ አምናችኋለሁ» አለች። «በሲስተሙ ግን አንድ ናችሁ።»

በአያቶቻችን ዘመን ቢሮ ስትሄድ «ሲስተም የለም» ይሉህ ነበር አሉ። ይመስገን፣ ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ሲስተሙ አለ፤ የሌለው ሰውየው ነው።

ውድነሽ ምርጫችንን ዘረዘረችልን። አንደኛው፣ ዘጠና ቀን ሙሉ ተለያይተን በየተመደብንበት ክፍለ ከተማ ለየብቻ እየሮጥን መታዘብ ነው። የኅዳሩ አሥር ኪሎ ሜትር ውድድር ግን አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው፤ በማጣራት ላይ ያለ እግር ደግሞ አይወዳደርም። ሁለተኛው ቅጽ አሥራ ሰባት ነው። ከሁለታችን አንዱ ግልባጭ መሆኑን አምኖ ይፈርማል፤ ሌላው ዋና ሆኖ ይቀጥላል።

«ግልባጩ ምን ይሆናል?» አለ ጋሽ ናኦድ።

«ምንም አይሆንም ጋሼ። ጫማውን ያስረክባል። እስከ ዛሬ የሮጠው ሁሉ ወደ ዋናው ይዞራል። ውድድር አይመዘገብም፤ ሊፍትም አይጠቀምም። ሌላው ኑሮው እንዳለ ነው።» ፈገግ አለች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብትወስኑልኝ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባ አለኝ።»

ጋሽ ናኦድ የኅዳሩን ሩጫ ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ሮጧል፤ አንድም ዓመት ሳያቋርጥ። ዘንድሮ ሠላሳ ይሞላለት ነበር። ታይፎይድ ይዞት የሮጠበትን ዓመት ያውቃል፤ ውሃ የጠፋበትን ዓመት ያውቃል። የ2058ቱን የሮጠው ሚስቱ ሃሴት በሞተች በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጎረቤት «ሐዘን ላይ ሆኖ ይጨፍራል» ብሎ አማው። እሱ ግን የዚያን ዓመት ቲሸርቱን ተሰልፋ ያወጣችለት ሃሴት ስለነበረች ነው የሮጠው። ይኼን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ደግሞ አልጠየቅኩትም።

ሕንፃው ሥር ካለው ጭማቂ ቤት ገብተን ስፕሪስ አዘዝን።

«እኔ እፈርማለሁ» አለ ጋሽ ናኦድ።

«አይደረግም ጋሼ! እኔ ነኝ የምፈርመው።»

«ተው ያፌት። እኔ አርጅቻለሁ፤ ጉልበቴም መንቋቋት ጀምሯል። ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ልሮጥ ነው?»

«እኔ ቆሜማ አይሆንም! ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሮጥከውን? በሃሴት ይዤሃለሁ፣ ተው።»

«አዲሱ ጫማህስ?» አለኝ።

ወጉን የማያውቅ የለም። እኛ አገር ሒሳብ ለመክፈልም ይሁን በር ላይ ለመቀዳደም፣ እምቢታ ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቴ እምቢ ማለት ለወጉ ነው፤ ሦስተኛው ግን የእውነት ነው። ሁለቱን ብያለሁ። የሦስተኛው ተራ ደረሰ።

አዲሱ ጫማዬ ኅዳር አራት ይመጣል። ሁለት ዓመት ተራ ጠብቄለታለሁ። ሶሉ ሲረግጡት ይተነፍሳል ይላሉ፤ ቀለሙ የዝናብ ሰማይ ዓይነት ነው። ቡፌው ውስጥ ለጊዜው ቦታውን በጨርቅ ወልውዬ አዘጋጅቼለታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድካሜን የተሸከመልኝ ሰው ፊቴ ተቀምጦ እኔ ስለ ሶል አሰብኩ። ከዚያ ስትሮዬን አፌ ውስጥ አደረግኩና ስፕሪሱን ሳብኩት። አቮካዶው ወፍራም ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደ። ስጨርስ ጋሽ ናኦድ ተነስቶ ደረጃውን ጀምሯል።

ፈረመ። ጫማውን አውልቆ ውድነሽ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠው። ጫማው ወዲያው ወደኔ ዞረና «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ያፌት» አለኝ። የ2058ቱም ሩጫ የእኔ ሆነ፤ ሃሴትን ግን እኔ በፎቶም አላውቃትም። ለግልባጮች የሚታደል ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አለ፤ ያንን አጥልቆ አሥራ አንዱን ፎቅ በእግሩ ወረደ። እኔን ሊፍቱ በሩን ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር። ገባሁበት። ይኼንንም ልናገር እንጂ፤ ገባሁበት።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሙሉ አልደወልኩለትም። እሱም አልደወለም። ማራናታ «ጋሽ ናኦድ የት ጠፋ?» ስትለኝ «ትንሽ አረፍ ብሏል» አልኳት። ጫካ አልሄድኩም፤ ከውድድር በፊት እግር ማሳረፍ ይገባል ብዬ። አዲሱ ጫማ በቀኑ መጣ። ሩጫ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አዲስ ጫማ በውድድር ቀን መጀመር እብደት መሆኑን ያውቃል። እኔ ግን እንዳይቆሽሽብኝ ሳስቼ ቡፌው ውስጥ አስገብቼ ስመለከተው ሰነበትኩ። አንዴም አፈር አላስነካሁትም። አቧራ ሳይኖረው ሁለቴ ወለወልኩት።

ኅዳር ሰባት እሑድ፣ ሠላሳ ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሶ አደባባዩን ሞላው። ይኼ ነገር አይለወጥም። ከሠላሳው ሺህ ሃያ ስምንቱ ሺህ የመጣው ለመሮጥ አይደለም፤ ለመጨፈር፣ ውሃ ለመረጫጨትና በሰበቡ በግልጽ የማይባለውን ለማለት ነው። ከኋላዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በጡሩንባ ታጅበው «ሊፍቱ! ይከፈት! ሊፍቱ! ይከፈት!» ይላሉ። ከኋላቸው የሚከተለው አለቃቸውም ቀስ ብሎ ያጨበጭባል።

ሩጫው ተጀመረ። እስከ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ጫማው የተባለለትን ያህል ነበር፤ እውነትም ይተነፍሳል። አራተኛው ላይ ተናገረ።

«ይቅርታ። ይኼ እግር የአቶ ያፌት አይደለም። እባክዎ ጫማውን ለባለቤቱ ይመልሱ።»

«እኔ ነኝ ያፌት!» አልኩት እየሮጥኩ።

«የአቶ ያፌት እርምጃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመዘገበ ነው። ይኼ ግን እሱን አይመስልም። የእርስዎ ይወላገዳል።»

ተወላገድኩ ወይ? አዎ፣ ተወላገድኩ። ዓይኔን የማሳርፍበት ተረከዝ አጥቼ እግሬ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። መንግሥት ዋና ብሎ ያጸደቀው ያፌት ከጋሽ ናኦድ ኋላ የሚሮጠው ያፌት ነው፤ ለብቻው የሚሮጠውን ማንም አይቶት አያውቅም። እኔም አላየሁትም። ፊቴ ያገኘሁትን አንድ ወጣት ተረከዝ መከተል ሞከርኩ። ዞሮ «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ። አንዲት ሴትዮ ስከተል ባሏ በትህትና መሀላችን ገባ። ጫማው ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀኝ፤ ከዚያ ሶሉ ትንፋሹን ዋጠና እንደ ሲሚንቶ ደረቀ። ሁለት ዓመት ተራ የጠበቅኩለት ጫማ ሁለት ጡብ ሆኖ እግሬ ላይ ቀረ። ጨፋሪዎቹ በሁለቱም ጎኔ እያለፉኝ ሄዱ። በ2074 የቀደምኩት ሙሽራም ሳያልፈኝ አልቀረም።

ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከገመዱ ወዲያ፣ ጋሽ ናኦድ ቆሟል። በሰማያዊው ነጠላ ጫማ። ለሚያልፈው ሰው ውሃ ያቀብላል። ለኔም አቀበለኝ፣ እንደ ማንም ሰው።

«ጋሼ» አልኩት። ሌላ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አሥር ቀን ሙሉ በልቤ ስጽፈው የከረምኩት። አልመጣልኝም። «አፍሬያለሁ፣ ጋሼ። በጣም አፍሬያለሁ።»

ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ። ቀና ብሎ ፊቴን አየ።

«ማፈሩ ደግ ነው» አለ። «ብትቆም ግን እግርህ ይበርዳል። እየሮጥክ እፈር።»

ገመዱን ዘለለና ፊቴ ገባ። ነጠላ ጫማው ጠፍ ጠፍ ይላል። ዓይኔን ተረከዙ ላይ ጣልኩ፤ የተሰነጣጠቀ የሽማግሌ ተረከዝ ነው፣ በዓለም ላይ ከማንም ተረከዝ ይልቅ የማውቀው። ግራውን በግራው፣ ቀኙን በቀኙ። መቶ ሜትር ሳንሄድ ሶሉ ለሰለሰ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ያፌት» አለ ጫማው። «የት ጠፍተው ነበር?»

አራቱን ኪሎ ሜትር ቃል ሳንነጋገር ሮጥን። አለቀስኩ መሰለኝ፤ ሕዝቡ ስለሚረጫጭ ማንም አላወቀብኝም። ስምንተኛው ላይ አንድ ወጣት ሯጭ ከኋላዬ ገብቶ እግሬን ሲከተል ሰማሁት። የመጨረሻዋን ቁልቁለት ስንወርድ የመድረሻው በር ታየ፤ ሰዓቱ ከላዩ ይበራል። አሥር ሜትር ሲቀረን አንዲት የበጎ ፈቃድ አገልጋይ እጇን ዘርግታ ጋሽ ናኦድን አስቆመችው።

«ጋሼ፣ ጫማዎ የታለ?»

«የለኝም፣ የኔ ልጅ።»

«እንደሱ ከሆነ አልመጡም ማለት ነው። ከጎን ባለው መውጫ ይውጡልኝ።» ወደኔ ዞረች። «እርስዎ ይግቡ አቶ ያፌት፣ ጥሩ ሰዓት ይዘዋል!»

«ግባ» አለኝ ጋሽ ናኦድ። «ግባ እንጂ፣ ሰዓቱ ይሄዳል።»

«አልገባም።»

«ካልገቡ» አለ ጫማው ከታች በለዘበ ድምፅ፣ «ዋናነትዎ ይሰረዛል። ሊፍት፣ ውድድር፣ ምደባ፣ ሁሉም። አሥር ሜትር ብቻ ነው የቀረዎት።»

አጎንብሼ ማሰሪያውን ፈታሁ። ወጣቱ ሯጭ ከኋላዬ ሳይደናቀፍብኝ የቀረው ለትንሽ ነው። የግራውን አወለቅኩ፣ የቀኙን አወለቅኩ። ለመጨረሻ ጊዜ አየኋቸው፤ አልዋሽም፣ ያምራሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ያዝኩና ባለኝ ኃይል በበሩ መሀል ወረወርኳቸው።

በሩ ጮኸ። ሙዚቃው ተለቀቀ። «አቶ ያፌት! ሠላሳኛ ውድድራቸው! አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ፣ የሕይወት ዘመናቸው ምርጥ ሰዓት! እንኳን ደስ ያለዎት!» ሕዝቡ አጨበጨበ። ከወዲያ በኩል የቆመች አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ ሜዳሊያውን የቀኝ ጫማዬ ላይ አንጠለጠለችው፤ ፎቶ አንሺውም መጥቶ አነሳው።

እኔና ጋሽ ናኦድ ከጎን ባለው ወጣን። እሱ በነጠላ ጫማ፣ እኔ በካልሲ። አስፋልቱ ይሞቃል። ሁለታችንም አሁን የለንም።

«ካልሲህ ተቀዷል» አለኝ።

«አይቼዋለሁ።»

ትንሽ ሄድን። የእሱ ቤት ዘጠነኛ ፎቅ ነው፤ የኔ አሥራ አራተኛ። ማራናታን ምን እንደምላት አላውቅም።

«ጋሼ፣ ነገ ጫካ ትሄዳለህ?»

«በስንት ሰዓት?»

«በአሥራ ሁለት» አልኩት።